ፉክክር የጠፋበት የምርጫ ክልል፦ በአሜሪካ የክልል ካርታን እንዴት መመርመርና ማስተካከል ይቻላል

በአሜሪካ የሚኖር መራጭ በኖቬምበር የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲቀበል፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ከቀረቡት እጩዎች መካከል ማን እንደሚያሸንፍ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያውቃል። ለግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ አንድ ስም ብቻ ተጽፎ ሊያገኝ ይችላል። በቅርብ ዓመታት በተካሄዱት የግዛት ምክር ቤቶች ምርጫዎች፣ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱ ብቻ እጩ ያቀረበባቸው ወንበሮች ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ሆነዋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በልጠዋል። በ2024 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ውስጥ አሸናፊውና ተከታዩ ከ5 በመቶ ባነሰ ልዩነት የተለያዩባቸው 50 አይሞሉም። ተመራጩ ወንበሩን እንደማያጣ ሲያውቅ የመራጩን ደጅ የሚረግጥበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው የዚህን ሁኔታ ምንጭ በራሱ ዓይን አይቶ ማረጋገጥና ለማስተካከል በሚደረገው ሥራ መሳተፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። የሚያስፈልገው የሕግ ትምህርት አይደለም፤ ካርታ ማንበብ፣ መደመርና መቀነስ፣ በስብሰባ ላይም ተራ እስኪደርስ መታገሥ ነው።

መጀመሪያ ካርታውን ማን እንደሚሠራና መቼ እንደሚሠራ ይወቁ

የምርጫ ክልሎች የሚከለሱት በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ከተካሄደ በኋላ ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በኤፕሪል 1 ቀን 2030 ይሆናል፤ ዝርዝር አሃዙ በ2031 ለየግዛቱ ይደርሳል፤ ዋናው የካርታ ሥራም ያኔ ይጀመራል። ሆኖም የፌዴራሉ ሕግ በመካከል ካርታ መቀየርን አይከለክልም። በ2025 የቴክሳስ ምክር ቤት ለሪፐብሊካን ፓርቲ አምስት ተጨማሪ ወንበሮችን ለማስገኘት የኮንግረስ ካርታውን (የተወካዮች ምክር ቤት ክልሎችን ካርታ) በአሥር ዓመቱ አጋማሽ ቀየረ። የካሊፎርኒያ መራጮችም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፕሮፖዚሽን 50 የተባለውን የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ አጽድቀው፣ የራሳቸው ገለልተኛ ኮሚሽን ያወጣውን የኮንግረስ ካርታ እስከ 2030 ምርጫ ድረስ ዴሞክራቶችን በሚጠቅም ካርታ ተኩት። ስለዚህ «እስከ 2031 ምንም አይነካም» ብሎ መተኛት አይገባም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የግዛትዎ ካርታ በማን እጅ እንደሆነ ነው። በብዙዎቹ ግዛቶች ካርታውን እንደ ማንኛውም ሕግ የሚያወጣው የግዛቱ ምክር ቤት ራሱ ነው፤ ገዥው ይፈርማል ወይም ይመልሳል። በሌላ አነጋገር፣ ተመራጩ መራጩን የሚመርጥበት ሥርዓት ነው። በአይዋ ከ1980 ወዲህ ረቂቁን የሚያዘጋጀው ከፓርቲ ነፃ የሆነ የምክር ቤቱ የሙያ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የፓርቲ ውጤትንም ሆነ በወንበር ላይ ያሉ ተመራጮች የሚኖሩበትን አድራሻ እንዳይጠቀም በሕግ ተከልክሏል፤ ምክር ቤቱ የሚያደርገው ረቂቁን መቀበል ወይም መጣል ነው። በአሪዞና (ከ2000 ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ)፣ በካሊፎርኒያ (ከ2008 እና ከ2010 ወዲህ) እንዲሁም በሚሺጋን (ከ2018 ወዲህ) ሥራው ለዜጎች ኮሚሽን ተሰጥቷል። የእርስዎ ግዛት ከነዚህ ከየትኛው ጋር እንደሚመደብ ሳያውቁ ደብዳቤ መጻፍ አድራሻውን ላልያዘ ሰው እንደ መላክ ነው።

ካርታውን በቅርጹ ሳይሆን በቁጥሩ ይመርምሩ

ብዙ ሰው ካርታ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈርደው በቅርጹ ነው። ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጄሪ የፈረሙት ካርታ ውስጥ አንዱ ክልል ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ስለመሰለ፣ አንድ የቦስተን ጋዜጣ የገዥውን ስም ከፍጥረቱ ስም ጋር አዳቅሎ ወሰንን ለአንድ ፓርቲ ጥቅም አድርጎ ማስመርን የሚያመለክተውን «ጄሪማንደር» የሚለውን ቃል አወጣ። ነገር ግን ቅርጽ ያታልላል። በቺካጎ በ1990ዎቹ የተሠራውና የጆሮ መሸፈኛ ይመስላል ሲባል የኖረው 4ኛ የኮንግረስ ክልል፣ በሰሜንና በደቡብ የሚኖሩ ሁለት የላቲኖ ማኅበረሰቦችን አገናኝቶ ተወካይ እንዲኖራቸው ታስቦ የተበጀ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ዛሬ ኮምፒውተር እጅግ ያማረና የተስተካከለ ቅርጽ ያለው፣ ውጤቱ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ካርታ በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል።

ዘዴው ሁለት ብቻ ነው፤ ማጨቅና መበተን። ማጨቅ ማለት የተቀናቃኝ ፓርቲን ደጋፊዎች በጥቂት ክልሎች አከማችቶ እዚያ በትልቅ ልዩነት እንዲያሸንፉ ማድረግ ሲሆን፣ መበተን ደግሞ የቀሩትን በየክልሉ ከፋፍሎ የትም ብልጫ እንዳያገኙ ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ቢሠሩት ወዲያው ይገባዎታል። እያንዳንዳቸው 100 መራጭ ያላቸው አምስት ክልሎች አሉ እንበል። ፓርቲ «ሀ» በአራቱ ክልሎች 55 ለ45 ያሸንፋል፤ በአምስተኛው 15 ለ85 ይሸነፋል። ድምፁን ሲደምሩት «ሀ» 235፣ «ለ» 265 አግኝተዋል። 53 በመቶ ድምፅ ያገኘው «ለ» ከአምስት ወንበር የሚወስደው አንዱን ነው።

አሁን የባከነውን ድምፅ ይቁጠሩ። የተሸነፈ ወገን ድምፅ በሙሉ፣ የአሸናፊውም ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው 51 በላይ የሆነው ትርፍ እንደ ባከነ ይቆጠራል። «ሀ» ባሸነፈባቸው አራት ክልሎች እያንዳንዳቸው 4 ድምፅ፣ በተሸነፈበት ደግሞ 15 ድምፅ ስላባከነ በድምሩ 31 ነው። «ለ» በአራቱ ክልሎች 45፣ 45 እያለ 180፣ ባሸነፈበት 34፣ በድምሩ 214 አባክኗል። ልዩነቱ 183 ነው፤ ለ500 ሲካፈል 36.6 በመቶ ይመጣል። ይህ «የቅልጥፍና ክፍተት» የሚባለው መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሁለቱ ፓርቲዎች ድምፃቸውን የሚያባክኑት በተቀራረበ ደረጃ ነው ማለት ነው። ምሳሌው የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በ2018 በዊስኮንሲን ለግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት ዴሞክራቶች ከጠቅላላው ድምፅ 53 በመቶ ያህል አግኝተው ከ99 ወንበር የያዙት 36 ነበር። (በአንዳንድ ክልሎች አንድ ፓርቲ ብቻ መወዳደሩ የድምፁን ድርሻ በመጠኑ እንደሚያዛባው መዘንጋት የለበትም።)

ስሌቱን ለግዛትዎ በሙሉ በእጅ መሥራት አያስፈልግም። «ዴቭስ ሪዲስትሪክቲንግ» የተባለው ነፃ ድረ ገጽ ማንኛውንም ካርታ በአምስት መመዘኛዎች ይመዝናል፤ ከነዚህ አንዱ የፉክክር መጠን ነው። «ፕላንስኮር» ደግሞ የቅልጥፍና ክፍተቱን አስልቶ ያሳያል። በመጀመሪያው ላይ የግዛትዎን ካርታ ይክፈቱ፣ ክልልዎን ይጫኑ፣ ያለፉትን ምርጫዎች ውጤት ይመልከቱ። አንድ ፓርቲ በተከታታይ ከ60 በመቶ በላይ የሚያገኝበት ከሆነ የኖቬምበሩ ምርጫ በዚያ ክልል ለስሙ ያህል ነው። ከዚያ ወሰኑን በጣትዎ ይከተሉና የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ የቱን ከተማ ለሁለት እንደሚሰነጥቅ ይጻፉ። ሰሜን ካሮላይና በ2016 ያወጣችው ካርታ ግሪንስቦሮ የሚገኘውንና ታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የሰሜን ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ግቢ ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ በግቢው ውስጥ የሚያልፍ መንገድ የ6ኛውና የ13ኛው ክልል ወሰን ሆኖ፣ አብረው የሚማሩ ተማሪዎች በሁለት ክልል ተከፈሉ። እንዲህ ያለው አንድ መንገድ ከአሥር መፈክር ይልቅ ነገሩን ያስረዳል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ፉክክር የሚጠፋው በካርታ ሥራ ብቻ አይደለም። የሁለቱ ፓርቲ ደጋፊዎች በተለያየ አካባቢ እየተሰባሰቡ ስለሚኖሩ፣ ከመሀል ከተማ ውስጥም ሆነ ከሰፊ ገጠር ውስጥ የተመጣጠነ ክልል ማውጣት ከባድ ነው። ማሳቹሴትስን ይውሰዱ፤ ከመራጮቹ ሲሶ ያህሉ ለሪፐብሊካን ድምፅ ቢሰጡም ዘጠኙም የኮንግረስ ወንበሮች የዴሞክራቶች ናቸው፤ ምክንያቱም የሪፐብሊካን መራጮች በግዛቱ ላይ በእኩል ተዘርተው ስለሚኖሩ በአንድ ክልል ብልጫ እንዲኖራቸው አድርጎ ወሰን ማስመር እጅግ ይከብዳል። «ኮሚሽን ቢቋቋም ሁሉም ወንበር ፉክክር ይኖረዋል» ብሎ የሚቀሰቅስ ሰው የማይጠብቀውን ቃል እየሰጠ ነውና፣ እርስዎ ይህን አይበሉ። ክፉ የካርታ ሥራ ሊያጠፋው የሚችለው ፉክክር ግን ብዙ ነው። በካሊፎርኒያ ከ2002 እስከ 2010 ሁለቱ ፓርቲዎች በወንበር ላይ ያሉትን ለመጠበቅ በተስማሙበት ካርታ 265 የኮንግረስ ምርጫዎች ተካሂደው ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የተላለፈው ወንበር አንድ ብቻ ነበር።

የቱ ፍርድ ቤት በር ክፍት እንደሆነ ይለዩ

በ1962 እና በ1964 የተሰጡት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል እንዲሆኑ አስገድደዋል፤ ከዚያ በፊት ቴነሲ ከ1901 ጀምሮ ካርታዋን ሳትከልስ ኖራ ነበር። በፓርቲ አድልዎ ላይ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2019፣ ከሰሜን ካሮላይና እና ከሜሪላንድ በመጡ ጉዳዮች፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን እንደማያዩ ወሰነ። አንደኛው ካርታ የሪፐብሊካኖች፣ ሌላው የዴሞክራቶች ሥራ እንደነበር ልብ ይሏል፤ ይህ የአንድ ወገን በሽታ አይደለም። በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎ አሁንም በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላል፤ ነገር ግን ሕጉ በየጊዜው በውሳኔ ስለሚለዋወጥ በዚህ መንገድ ከመሄድዎ በፊት የመስኩን ጠበቃ ያማክሩ።

የቀረው የግዛት ሕገ መንግሥትና የግዛት ፍርድ ቤት ነው። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የኮንግረስ ካርታውን በግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ጥሎ አዲስ ካርታ አወጣ፤ 13 ለ5 የነበረው የውክልና ስብጥር በዚያው ዓመት ምርጫ 9 ለ9 ሆነ። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ካርታውን ከጣለ በኋላ፣ የዳኞቹ አብላጫ በምርጫ ሲለወጥ በ2023 የራሱን ውሳኔ ሻረ። ዳኞች በሚመረጡበት ግዛት የሚኖሩ ከሆነ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ግርጌ ያለውን የዳኞች ዝርዝር ባዶውን አይመልሱ።

በሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ምስክርነት ይስጡ

ከሁሉም እርምጃዎች አንድ ተራ ሰው የበለጠ ውጤት የሚያገኘው በዚህኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልግለጸው። ካርታ የሚሠሩ አካላት፣ ምክር ቤትም ሆነ ኮሚሽን፣ የሕዝብ አስተያየት የሚሰሙበት ስብሰባ ብዙ ጊዜ ያካሂዳሉ። በብዙ ግዛቶች ሕግ «የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ» አንድ ላይ እንዲቆይ መሞከር ግዴታ ነው፤ ማኅበረሰቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን በቆጠራ አሃዝ ውስጥ አይገኝም። የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ንግግርዎን ጽፈው ይምጡ። «ይህ ካርታ ፍትሐዊ አይደለም፣ ድምፃችን ይከበር» የሚለው ንግግር ጭብጨባ ያስገኝ ይሆናል፤ ካርታ ሠሪው ግን ከዚያ ተነስቶ የሚያንቀሳቅሰው መስመር የለም። በምትኩ ለምሳሌ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የምንኖረው ከኮልስቪል ሮድ በግራና በቀኝ ነው። ልጆቻችን በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ወደ ሥራ የምንሄደው በአንድ የአውቶቡስ መስመር ነው፤ ባለፉት ዓመታት የቤት ኪራይ ጭማሪን ለመከራከር አንድ ማኅበር መሥርተናል። ረቂቁ መንገዱን ወሰን አድርጎ ለሁለት ከፍሎናል። ወሰኑ ወደ ስላይጎ ክሪክ ቢዛወር አንድ ላይ እንሆናለን፤ የሕዝቡን ቁጥር ለማመጣጠንም በሰሜን በኩል ያለው አካባቢ ወደ ጎረቤቱ ክልል ሊሄድ ይችላል፤ ካርታውን ከዚህ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ።»

ይህ ምስክርነት ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያስተሳስራቸው፣ የቱ መስመር እንደጎዳቸውና ወዴት ቢሄድ እንደሚድኑ ይናገራል፤ የፓርቲ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራም፤ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርም ባለሙያውን ከግማሽ ሥራ ያድነዋል። ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል መሆን ስላለባቸው (ከ2020 ቆጠራ በኋላ የአንድ የኮንግረስ ክልል አማካይ 761,000 ገደማ ነው) አንድ አካባቢ ሲገባ ሌላው መውጣቱ የማይቀር ነው፤ ይህን ሳያነሱ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ፋይል ውስጥ ይቀራል። በእንግሊዝኛ መናገር የሚከብዳቸው ወላጆች ካሉ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ከስብሰባው ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በጽሑፍ የሚላክ አስተያየትም ከመዝገቡ ይገባል። በቆጠራው የሚቆጠረው ዜግነት ያለውም የሌለውም ነዋሪ ሁሉ መሆኑን ለማኅበረሰብዎ ያስረዱ። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው ረቂቅ ከመውጣቱ በፊት ይድረሱ፤ አንዴ መስመር ከተሰመረ በኋላ እያንዳንዱ ለውጥ ሌላ አስር መስመር ስለሚነካ ሠሪው እጁን ይሰበስባል።

ሕጉን ራሱን ለመቀየር ከሆነ

ከግዛቶቹ ግማሽ ያህሉ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳሉ። የሚሺጋኑ ዘመቻ የተነሳው በ2016 መጨረሻ አንዲት ወጣት በፌስቡክ ካስተላለፈችው መልእክት ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ከ425,000 በላይ ፊርማ ሰበሰቡ፤ በ2018 መራጩ 61 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ኮሚሽኑ 13 አባላት አሉት፤ አራት ዴሞክራት፣ አራት ሪፐብሊካን፣ አምስት ከሁለቱም ያልሆኑ፤ ባለፉት ስድስት ዓመታት እጩ፣ ተመራጭ ወይም የፓርቲ ኃላፊ የነበረ ሰው አይገባበትም።

ረቂቅ ሲያነቡ ወይም ሲያረቁ በመጀመሪያ የሚመለከቱት ኮሚሽኑ ካልተስማማ ምን እንደሚሆን ነው። የቨርጂኒያው ኮሚሽን ስምንት ተመራጮችና ስምንት ዜጎች በሁለቱ ፓርቲ እኩል ተከፍለው የተቀመጡበት ስለነበር በ2021 ሳይስማማ ቀረ፤ ካርታውን ያወጣው የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ ምክር ቤቱ ውሳኔውን መሻር ይችል እንደሆነ ነው። በዩታ በ2018 በሕዝበ ውሳኔ በጸደቀ ሕግ የመጣውን ኮሚሽን የግዛቱ ምክር ቤት በ2020 ወደ ምክር ሰጪነት አወረደው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምክር ቤቱ እንዲህ ማድረግ እንደማይችል የወሰነው በ2024 ነው። በሚዙሪ ደግሞ በ2018 በትልቅ ብልጫ የጸደቀው ማሻሻያ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተሻረ። ሦስተኛው የመመዘኛዎቹ ቅደም ተከተል ነው፤ በአሪዞና ሕገ መንግሥት ፉክክር ያለባቸው ክልሎችን ማውጣት የተጻፈው ሌሎቹን መመዘኛዎች እስካልጎዳ ድረስ ተብሎ ነው፤ ቃሉ መጻፉ ብቻውን አይበቃም፣ የት እንደተጻፈ ይመልከቱ።

በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚታተመውን ቃል ማን እንደሚጽፈውም ይወቁ። በኦሃዮ በ2024 ለሕዝብ የቀረበው ማሻሻያ ዓላማው ጄሪማንደሪንግን ማስቆም ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው መግለጫ ኮሚሽኑ ጄሪማንደር እንዲያደርግ «ይገደዳል» የሚል ነበር፤ ማሻሻያውም ወደቀ። ፊርማ የሚሰበስብ ሰው ይህን ቃል የሚጽፈው ቢሮ ኃላፊ የሚመረጥበትን ቀን ከመቀስቀሻ ቀኑ እኩል በቀን መቁጠሪያው ላይ ማስፈር አለበት።

ካርታው እስኪቀየር ድረስ

ክልሉ የአንድ ፓርቲ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ሁሉ እውነተኛው ምርጫ ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ቅድመ ምርጫ ነው። በ2018 በኒው ዮርክ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ አሥር ጊዜ የተመረጡትን ጆሴፍ ክራውሊን የረቱት በቅድመ ምርጫው ነበር፤ በዚያ ቀን በክልሉ የተሰጠው ድምፅ በጠቅላላው 30,000 አይሞላም። እንደ ኒው ዮርክ ባሉ ግዛቶች በቅድመ ምርጫው መሳተፍ የሚችለው አስቀድሞ በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ስለሆነ፣ የመመዝገቢያውን የመጨረሻ ቀን አሁን ያረጋግጡ።

የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ ክልሎችም በዚያው በቆጠራ አሃዝ ይከለሳሉ፤ ስብሰባዎቻቸውም ብዙ ጊዜ ባዶ ናቸው። አይዋ ውስጥ አናሞሳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሕዝብ ቆጠራ እስረኞችን በታሰሩበት ቦታ ስለሚቆጥር፣ አንዱ የከተማው የምርጫ ቀጠና ነዋሪዎቹ 1,400 ገደማ ሲሆኑ ከነርሱ 1,300ዎቹ ድምፅ መስጠት የማይችሉ የእስር ቤት እስረኞች ነበሩ። በ2005 በዚያ ቀጠና አንድ ሰው በሁለት ድምፅ የምክር ቤት አባል ሆነ። ወደ ከተማዎ ጸሐፊ ቢሮ ይደውሉና ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የቀጠናዎቹ ወሰን የሚከለሰው መቼ ነው፣ ረቂቁን የሚያዘጋጀው ማን ነው፣ እስረኞችስ የሚቆጠሩት የት ነው? መልሱን የሰጠዎትን ሰው የሥራ ድርሻና ቀኑን ይመዝግቡ፤ በስብሰባው ዕለት ማስታወሻውን ይዘው ይሂዱ።